አንሰልሞ የተወው ደንብ

ከሌሊቱ ስምንት። ኦርታ ላይ ዝናብ ነው።
ማዶ ያለው ተራራ፥ ፒኮ አይታይም፤ ጉም ለብሶ የዋለው
እንደለበሰ አድሯል።
በጣቢያው ምድር ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር
ጆሮውን ከመሬት ለአፍታ ሳያነሳ
ስምንት ዓመት ኖሯል።

ሥራው ይኸው ነው፦ ምድር ስትነቃነቅ
ቀጭኗን ሞገድ ቆጥሮ መመዝገብ፤
ከዚያም ደወል መምታት፥
የተኛ እንዲነቃ፥ የነቃ እንዲሰበሰብ።

ዛሬ ግን ዘገየ።
ብርጭቆ የማታንቀሳቅስ አንዲት ትንሽ ንዝረት
መጥታ ከሄደች በኋላ
አርባ ሰከንድ ቆይቶ ጮኸ።
አርባ ሰከንድ ምን አላት? ትሉ ይሆናል፤
ሦስት ፎቅ ደረጃ፥ ሕፃን ታቅፎ ይወረድባታል።

እኔ ዴኦሊንዳ፥ የሌሊት ተረኛ፥
ካፖርቴን ሳላወልቅ ወንበር ሳብኩና
ማን እንዳዘገየው መጠየቅ ጀመርኩኝ፥
እንደ ክፉ ዳኛ።

ወረፋው ስክሪኑ ላይ ተሰልፏል፦
ቫይረስ አሳዳጁ፥ የአታሚው ሞግዚት፥
ባለፈው ሳምንት ከሊዝበን የተላከው
«ሱፖርት» የሚባል አዲስ እንግዳ፥
ሁሉም አፉን ከፍቷል።
ፕሮሰሰሩ ደግሞ እንደዚህ ደሴት ላም
አራት ጡት ብቻ ነው ያለው፤
ጥጃው ግን ስልሳ ደርሷል።

መጀመሪያ የሠራሁት የችኩል ሥራ ነበር፦
አዳማጩን አነሳሁና ከሁሉ በላይ ሰቀልኩት፥
«አሁኑኑ» ከሚለው እርከን ላይ አወጣሁት።
የመዳፊቷ ቀስት በቆመችበት ደረቀች።
ጆሮው ይሰማል፤
የሚጽፍለት እጅ ግን ከታች ተረግጦ ቀረ፤
የሰማው ሁሉ እንደ ሕልም፥ ሳይመዘገብ አደረ።

አጥፍቼ ሳስነሳው፥ መመሪያውን እንደገና ሳነብ፥
ቀስ እያለ ገባኝ።
ደንብ ፍጥነት አይወልድም፤
አንዲት ጠብታ ወተት ከጡቱ ላይ አይጨምርም።
የሚወስነው አንድ ነገር ነው፦
ማን እንደሚጠብቅ።
ከግርጌ በደቃቅ ፊደል፦
«ደንቦች ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤
ቀድሞ የገጠመው ይጸናል።»

ከላይ ማን አለ? ብዬ ዝርዝሩን ወደ ላይ ገፋሁት።
ከእኔ ደንብ በፊት፥ ከጣቢያው ደንብ በፊት፥
ማንም ሳይነካው የኖረ
አንድ መስመር ነበረ፦
ስሙ በ«ሱ» ለሚጀምር ሁሉ፥
ከፍተኛ ቅድሚያ፥ ሁለት ኮር ለብቻው።
ጸሐፊ፥ አንሰልሞ።

ሳቅሁ። ብቻዬን፥ ምድር ቤት ውስጥ።
ሱኤካ! የካርታ ጨዋታው!
ሌሊቱን የሚገፋበት፥ እኔ ስገባ የሚደብቀው።
ሰነፍ ነበረና ስሙን አልጨረሰም፤
«ሱ» ብሎ ጀመረ፥ ከኋላዋ ኮከብ አኖረ፤
ኮከቢቱ ደግሞ የተከፈተ በር ናት፥
ማን እንደሚገባ አትጠይቅም።
ሱኤካ ሲተኛ፥ ሰውየው ሲቀበር፥
ሱፖርት መጣና በሟች ስም ገብቶ
ከሁለቱ ጡት ላይ ተጣበቀ።

አንሰልሞ ከሞተ ሦስተኛ ክረምቱ ነው።
ሚስቱ መነጽሩን መጥታ ወስዳለች፤
ጃንጥላው አሁንም ከበሩ ኋላ አለ።
ይህን መስመር ግን ማን ይወስደዋል?

ላጠፋው ጣቴን አስጠጋሁ።
አጠፋፉ ቀላል፥ አንድ ምት ብቻ ነው።
ተውኩት።
ኮከቢቱን ነቀልኩ፥ ስሙን ሙሉ ጻፍኩ፤
ከላይ አወረድኩት፥ እርከን በእርከን፥
እስከ መጨረሻው፥ «ሥራ ፈት» እስከሚለው፦
ማንም ምንም በማይፈልግበት ሰዓት ብቻ
የተረፈውን እንዲጠጣ።

ሊነጋጋ ሲል ከወደቡ በኩል
ድንጋይ የጫነ ካሚዮን አለፈ።
ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤
ሁለት ሰከንድ። ደወሉ ጮኸ።
ካሚዮን መሆኑን ነግሬ አረጋጋሁት።

ከዚያ ሱኤካን ከፈትኩት።
ያላለቀ ጨዋታ አለ፥ ከሦስት ዓመት በፊት የቆመ።
የአንሰልሞ እጅ፦ አራት ካርታ፥ ደህና ደህና።
አንዷን ነካሁለት።
ወዲያው አልሄደችም።
መጀመሪያ አዳማጩ ጠጣ፥ ጸሐፊው ጠጣ፥ አታሚው ጠጣ፤
በኋላ፥ ሲተርፍ፥
ሽማግሌ እንደሚጥላት፥ እያመነታች፥
ካርታዋ ጠረጴዛው ላይ ወረደች።